“አያቶቼ እኮ በሕግ ነው የገቡት” ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ?

የቀበና ልጅ ጻፈ፦

ሰላም ቤቶች። ትላንት ሥራ ቦታ ምሳ እየበላን ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ትንሽ ተነካካን። ጥል እንኳን አይደለም፣ ሴትየዋን እወዳታለሁ። “አይሪሽ ነኝ” ትላለች፤ ተወልዳ ያደገችው ግን ቦስተን ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የድንበር ወሬ ሲመጣ “የኔ አያቶች እኮ ተራቸውን ጠብቀው፣ በሕግ ነው የገቡት” አለች። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ።

እዚህ አገር 12 ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ስደት ታሪኩ የማውቀው ግን ለዜግነት ፈተና የሸመደድኩትን 100 ጥያቄ ያህል ነው። እሱንም ረስቼዋለሁ። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ያኔ ሕጉ ምን ነበር? ተራውስ የት ነበር የሚያዘው?

(ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ጻፉልኝ፣ እንዳልምታታ።)

ባለመዝገቡ ጻፈ፦

አጭሩ መልስ፦ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም።

አይሪሾች በገፍ የመጡት ከ1845 በኋላ ነው። ድንቹን በሽታ መታው፣ አገሩ ተራበ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። የቻለ መርከብ ላይ ወጣ። ያኔ አሜሪካ ለመግባት ቪዛ የለ፣ ኮታ የለ፣ ኢንተርቪው የለ። የመርከቡን ከፍለህ በሕይወት ከደረስክ ገባህ። “በሕይወት” የምለው ወድጄ አይደለም። በ1847 መርከቦቹ ውስጥ ታይፈስ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ስለረገፈ “የሬሳ ሣጥን መርከቦች” ተብለው ቀሩ።

ስለዚህ ልጅቷ አልዋሸችም። በሕግ ገብተዋል፤ የሚጥሱት የፌዴራል ሕግ አልነበረማ! ተወደው ነበር ወይ ካልከኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካቶሊኮች ስለሆኑ “ለጳጳሱ እንጂ ለአገሩ አይታመኑም” ተባሉ። በ1850ዎቹ ይህንኑ ፍርሃት አንግቦ የተነሣ ፓርቲ ነበር። አባላቱ ስለ ማኅበራቸው ሲጠየቁ “እኔ ምንም አላውቅም” ስለሚሉ ሕዝቡ ይህንኑ ስም አወጣላቸው። የቦስተን ልጅ ከሆነች ደግሞ ይህቺን ሹክ በላት፦ የገዛ ግዛቷ ማሳቹሴትስ በዚያው ዘመን ድሃ አይሪሾችን እየለቀመ በመርከብ ወደ መጡበት ይመልስ ነበር።

የኤሊስ ደሴት፣ ማለትም ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የነበረው የስደተኞች መቀበያ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የተከፈተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበችው አኒ ሙር የምትባል ከአየርላንድ ኮርክ የመጣች ልጅ ናት። እስከ 1954 ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አልፎበታል። 1907 ላይ በአንድ ዓመት ብቻ 1 ሚሊዮን ገደማ። ጣልያኑ፣ ፖላንዱ፣ ከራሺያ ግዛት የሸሸው አይሁዳዊ፣ ሁሉም በዚያ ነው ያለፈው። ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሐኪም ቆሞ ያየዋል። የሚያለከልክ ወይም የሚያነክስ ካለ ኮቱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል። የዓይን ቆብ እየገለበጡ ትራኮማ ይፈልጋሉ። ከዚያ ጥቂት ጥያቄ፦ ስምህ ማነው፣ ስንት ብር ይዘሃል፣ ማን ጋ ነው የምታርፈው። ብዙው ሰው በጥቂት ሰዓት ጨርሶ ወደ ከተማው ጀልባ ላይ ነው። የተመለሰው ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ታዲያ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ለመጣው ድሃ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችን መኮንኖቹ እዚያው መርከባቸው ላይ ሄደው ነበር የሚያዩዋቸው።

ሳሪስ አቦ ጻፈ፦

ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊዎቹ መጥራት ሲያቅታቸው የሰውን ስም ይቀይሩ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ባለመዝገቡ ጻፈ፦

ተረት ነው። መኮንኖቹ አዲስ ስም አይጽፉም። የመርከብ ድርጅቱ አውሮፓ ወደብ ላይ የሞላው መዝገብ ይመጣላቸዋል፤ እሱን ነው የሚያመሳክሩት። ስሙን የቀየረው አብዛኛው ሰው ራሱ ነው፤ ከገባ በኋላ፣ ሥራ ለማግኘት ወይም ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይሳቅባቸው ብሎ።

ሳሪስ አቦ ጻፈ፦

ኧረ የኛ ይብሳል። አያቴ ከደብረ ሲና ወጥተው አያውቁም፤ ስማቸው ግን ሜሪላንድ ውስጥ የመኪናዬ ኢንሹራንስ ላይ አለ። ፖስተኛው “ሚስተር” ብሎ የሚጠራው እሳቸውን ነው። የልጆቼ ትምህርት ቤት ደግሞ የኔና የባለቤቴ ላስት ኔም ስለማይገጥም ተፋተዋል ብሎ ደምድሟል። ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

ሜሮን ዲሲ ጻፈች፦

ሁሉም ሰው በኒው ዮርክ በኩል የገባ አታስመስሉት እንጂ! ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ሳን ፍራንሲስኮ ሄጄ ኤንጅል ደሴትን ጎበኘሁ። ስሙ የመልአክ፣ ሥራው የእስር ቤት። ከ1910 እስከ 1940 ከእስያ የሚመጡ ሰዎች እዚያ ይያዙ ነበር። በሰዓታት የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ተቀምጧል። ቻይናውያኑ የእንጨቱን ግድግዳ እየፈለፈሉ ግጥም ጽፈውበታል። እስካሁን ይነበባል። ቆሜ አየሁት፤ ሆዴ ተላወሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይናውያን የመጡት ካሊፎርኒያ ላይ ወርቅ ተገኘ ሲባል ነው፣ ከ1848 በኋላ። ወርቁ ሲያልቅ ባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ምሥራቁንና ምዕራቡን ያገናኘው ሐዲድ በ1869 ሲያልቅ፣ በምዕራብ በኩል ተራራውን የበሱት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ሥራው ካለቀ በኋላስ? በ1882 “የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ” የሚል ሕግ ወጣ። ዜግነትም ተከለከሉ። ይህ ሕግ የተነሣው በ1943 ነው፤ ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ አጋር ስለሆነች። ሲነሣም የተፈቀደላቸው በዓመት 105 ሰው ነው። ስንት ሚሊዮን ሕዝብ ላለው አገር!

እና ሰዎቹ ምን ዘየዱ መሰላችሁ? በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የከተማውን መዝገብ አወደመው። “እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ መዝገቤ ተቃጥሎ ነው” ያለ ሰው ዜጋ ሆነ። የዜጋ ልጅ ደግሞ መግባት ይችላል። ስለዚህ ቻይና ደርሶ ሲመለስ “እዚያ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ” ብሎ ያስመዘግባል፤ ያልተወለደውን ልጅ ቦታ ለጎረቤት ልጅ ይሸጣል። “የወረቀት ልጆች” ይባላሉ። የወረቀት ጋብቻን ለምናውቅ ለኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ሃሃ።

መኮንኖቹም ነቁ። “ከቤትህ ደጃፍ እስከ ጉድጓዱ ስንት እርምጃ ነው? በሦስተኛው ረድፍ ማን ይኖራል? ሩዙ የሚቀመጠው የት ነው?” እያሉ ሰዓታት ይጠይቃሉ። ልጁ መልሱን መርከብ ላይ አጥንቶ ጥናቱን ባሕር ይጥለዋል። ኤምባሲ በር ላይ “የባልሽ የጥርስ ብሩሽ ምን ዓይነት ቀለም ነው?” ተብላ የላባት ጓደኛ ያላችሁ ይገባችኋል።

ጆርጂያ አቬኑ ጻፈ፦

ሜሮን ጥሩ ነገር አነሣሽ። እኔ ግን ይህ ክር አንድ ትልቅ ሕዝብ ዘሏል ብዬ አምናለሁ። ሳይፈልጉ በሰንሰለት የመጡትን። ወደ አሁኗ አሜሪካ ምድር 400 ሺህ ገደማ አፍሪካውያን በባርነት ተጭነው መጥተዋል። “ስደተኞች” ልንላቸው አንችልም፤ ግን እነሱን ትቶ የኛን መግባት ማስረዳት አይቻልም።

እንዴት? በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ “ነፃ የሆነ ነጭ ሰው” ብቻ ነው የሚለው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1870፣ አፍሪካዊ ትውልድ ያለውም ዜጋ መሆን ይችላል ተባለ። ነፃ ለወጡት ባሮች ታስቦ። የጃፓን ተወላጁ ኦዛዋ በ1922፣ የሕንድ ተወላጁ ታይንድ በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው “ነጭ አይደላችሁም” ተብለው ሲመለሱ፣ አንድ ሐበሻ በሕጉ መሠረት ማመልከት ይችል ነበር። በጥቁሮቹ በር ማለት ነው።

እዚህ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም በ1868 የወጣው ለነሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ማን ተጠቀመበት? ዎንግ ኪም አርክ የሚባል ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ የቻይናውያን ልጅ። የወላጆቹን አገር ደርሶ ሲመለስ አትገባም ተባለ፤ ተከራከረ፤ በ1898 ረታ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ዜግነት የቆመው በዚያ ፍርድ ላይ ነው።

የኛዎቹ የድሮ ተማሪዎችም ቢሆን የተቀበሏቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማረው ዲሲ ባለው የጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድ ነው። ያኔ ተምሮ መመለስ ነበር ወጉ፤ እሱም ለጣልያን ጦርነት ተመልሷል። አሁን እዚያው ሃዋርድ አጠገብ ክትፎ እየበላን “ጥቁሮቹ እንዲህ ናቸው” የሚል ሐበሻ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ።

ሜሮን ዲሲ ጻፈች፦

አልወጣህም።

ሕግ ይከበር ጻፈ፦

ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ድሮ ሕግ ስላልነበረ ዛሬም አይኑር ማለት ነው? እኔ ወንድሜ ሞልቶልኝ 13 ዓመት ጠብቄያለሁ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ። እናቴ “ዘንድሮስ?” እያለች ሞተች። አንዱ በድንበር ዘሎ ሲገባ ከኔ እኩል ልቁጠረው? የልጁ ባልደረባ አያቶቿ ያኔ የነበረውን ሕግ አክብረዋል፤ እኔም የዘመኔን አክብሬያለሁ። ይኼ ለምን ያስነውራል?

ባለመዝገቡ ጻፈ፦

እናትህን ነፍስ ይማር። 13 ዓመት ቀላል አይደለም፣ ማንም አይነወርበትም።

ግን የጠበቅክበት መስመር ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በ1924 የወጣው ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሰጠ። ስሌቱ ሆን ተብሎ ከ1890 ቆጠራ ተወሰደ፤ ጣልያኖችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት ሳይመጡ ከነበረው። ስለዚህ ጀርመን በዓመት 51,227 ሲደርሳት ጣልያን 3,845። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዓመት ከ200 ሺህ በላይ ትልክ ለነበረች አገር! ኢትዮጵያ ዝቅተኛውን 100 ተሰጣት። ለቻይናም 100 ተጽፏል፤ ግን ዜጋ መሆን ለሚችል ሰው ብቻ ተባለ። ስለዚህ ቻይና የተወለደ ነጭ እንጂ ቻይናዊ አይገባበትም። ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የሳቅኩት።

ያ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው። ጥቁሮቹ የመብት ትግሉን ካሸነፉ በኋላ “በዘር መምረጥ” ለመንግሥት አሳፋሪ ሆነ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከነጻነት ሐውልቱ ሥር ተቀምጠው ፈረሙ። መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ ቅድሚያውን ለባለሙያ ነበር የሰጠው። ከኦሃዮ የመጡ ፋይገን የሚባሉ የምክር ቤት አባል “አይሆንም፣ ቅድሚያው ለቤተሰብ ይሁን” ብለው ተከራከሩ። ሒሳባቸው ግልጽ ነበር፦ አገሩ የሞላው አውሮፓዊ ነው፤ ወንድም እህቱን ቢያመጣ የሚመጣው ያው አውሮፓዊ ነው። አውሮፓ ግን በዚያ ሰዓት ኑሮዋ ተሻሽሎ ነበር። ማን መጣ? ፊሊፒናዊው፣ ሕንዱ፣ ኮሪያዊው፣ በኋላም አንተ። አንተን የሞላህ ወንድምህ የቆመበት መስመር ጣልያኖችንና ፖላንዶችን አስቦ የተሠራ ነው።

ስለ ድንበሩም አንድ ነገር። ከ1942 እስከ 1964 መንግሥት ራሱ የሜክሲኮ ገበሬዎችን በኮንትራት ያስመጣ ነበር፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮንትራት ተፈርሟል። ፕሮግራሙ ተዘጋ። ያው የ1965ቱ ሕግ ደግሞ ከዚያ በፊት ገደብ ባልነበረው በአሜሪካ አህጉር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ አበጀ። እርሻው ግን ቲማቲም መልቀም አላቆመም። ሰውዬው ያው ሰውዬ፣ ሥራው ያው ሥራ፤ ስሙ ብቻ “ሕገወጥ” ሆነ።

ሕግ ይከበር ጻፈ፦

ፋይገንን አላውቅም ነበር። የድንበሩን ግን አሁንም አልተስማማሁም።

ባለመዝገቡ ጻፈ፦

አለመስማማት ይቻላል ወንድሜ።

የገዳሪፍ መንገደኛ ጻፈ፦

ልጆች፣ እኔ የማነበው እንጂ የምጽፈው ጥቂት ነው። አማርኛ መተየብም ጣቴን ያታክተዋል። ግን ስለ 1980ው ሕግ ማንም ስላላነሣ ልጻፍ።

እኔ በመተማ በኩል በእግሬ ነው የወጣሁት። ሌሊት ሌሊት እየሄድን፣ ቀን ቀን እየተደበቅን። ገዳሪፍ ሁለት ዓመት፣ ካርቱም አንድ ዓመት ቆየሁ። ካርቱም ላይ የሚያወራው ሁሉ “ፕሮሰስ” ነው። ፕሮሰስ ጀመረ፣ ፕሮሰሱ ተበላሸ፣ ፕሮሰስ አለቀለት። በ1982 ወጣሁ። የአውሮፕላን ትኬቱ ብድር ስለነበር ዳላስ ሳሕን እያጠብኩ በየወሩ ከፈልኩ። የመጨረሻዋን ከፍዬ የመጣችልኝን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ።

ከዚያ ሕግ በፊት አሜሪካ “ስደተኛ” የምትለው ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበር። የሚገርመው፣ ሕጉ ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ ወሰን በደቡብ በኩል “ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ” ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሳናውቀው መካከለኛ ምሥራቆች ነበርን! በወረቀት ነው እንጂ በዚያ የገባ ሐበሻ እኔ አላጋጠመኝም። ካርተር በማርች 1980 አዲሱን ሕግ ፈረሙ፤ ከየትም አገር ይሁን፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ አሳዳጅ ያለበት ሰው ስደተኛ ነው ተባለ። ሕጉን ያስወጣው በጀልባ ባሕር ላይ የሚንከራተተው የቬትናም ሕዝብ ጉዳይ ነበር። እኛ ከኋላው ገባን። ዳላስ የደረስኩ ቀን የተቀበለኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቤቱ ውስጥ ያዘጋጀው ሩዝና የዓሣ መረቅ ነበር። ለቬትናሞች የለመደውን ነው። በልቼ አመሰገንኩ።

ጆርጂያ አቬኑ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ በጣትዎ የጻፉት የኛን ሁሉ ያስንቃል። ሌላ ጊዜም ይጻፉልን።

ሰላም ከቨርጂኒያ ጻፈች፦

እኔ ደግሞ በዲቪ ነው የመጣሁት። ያኔ በፖስታ ነበር። አክስቴ ለቤተሰቡ ሁሉ በየፖስታው አስልካ የደረሰው ለኔ ብቻ ነው፤ እስካሁን የአጎቴ ልጆች ይህን ይቅር አላሉኝም። ቢያንስ ዲቪ ለኛ ታስቦ ነው ብዬ ልጽናና?

ባለመዝገቡ ጻፈ፦

ሰላም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ዲቪ የተፈለሰፈው ለአይሪሾች ነው።

ቀልድ አይደለም። የ1965ቱ ሕግ ቅድሚያውን ለቅርብ ቤተሰብ ሲሰጥ አይሪሾች ተጎዱ። አያቶቻቸው ከመጡ ዘመናት ስላለፉ የሚሞላ ወንድም እህት የላቸውም። በ1980ዎቹ አየርላንድ ሥራ ሲጠፋ ወጣቱ በቱሪስት ቪዛ እየገባ ቀረ። ቦስተንና ኒው ዮርክ ቀለም ቀቢው፣ የባር አስተናጋጁ፣ ሞግዚቷ ወረቀት የሌላቸው አይሪሾች ነበሩ። በአሥር ሺዎች። የዚያው ዘር ፖለቲከኞች ተነሡላቸው። የማሳቹሴትሱ የምክር ቤት አባል ብራያን ዶኔሊ በ1986ቱ ሕግ ውስጥ 10,000 ቪዛ አስገባ፤ መጀመሪያ ደብዳቤው የደረሰ ይወስዳል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። አንዳንዱ ሰው ብቻውን መቶ ፖስታ ልኳል።

ከዚያ የ1990ው ሕግ መጣ። ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ፣ ከመቶ 40ው ለአየርላንድ። በኦክቶበር 1991 ማመልከቻው የሚገባው ሜሪፊልድ፣ ቨርጂኒያ በምትገኝ አንዲት ፖስታ ቤት ነበር። ሰው ከየከተማው በመኪና መጥቶ ፖስታውን በእጁ ሊያስገባ ተሰለፈ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ለመላው ዓለም የተከፈተው ዲቪ ተተካ፤ 55,000፣ በኋላ ወደ 50,000 ገደማ ወረደ። አየርላንድ በዚያ ሰዓት ኢኮኖሚዋ ተመንድጎ ልጆቿ ወደ ቤት መመለስ ጀምረው ነበር። ከአፍሪካ እነማን በብዛት እንደደረሳቸው ታውቂዋለሽ።

ሰላም ከቨርጂኒያ ጻፈች፦

ሜሪፊልድ?! እኔ እኮ በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ ነው የማልፈው። ያ ፖስታ ቤት ሄጄ ለእናቴ ዕቃ ልኬበታለሁ! ወይ ጉድ።

ሳሪስ አቦ ጻፈ፦

መቶ ፖስታ ላኩ? እኛ ሁለት ጊዜ የሞላ ይሰረዛል ሲሉን በፍርሃት አንዷን ፎቶ ስንት ቀን ነው ያየናት።

የቀበና ልጅ ጻፈ፦

ቤቶች፣ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ ምሳ ላይ ለባልደረባዬ ነገርኳት። መጀመሪያ የረሃቡን፣ ከዚያ ማሳቹሴትስ ይመልሳቸው እንደነበር። ይኼኛውን አታውቅም ነበር፤ ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ዝም አለች ትንሽ።

የ1980ዎቹን ስነግራት ግን ሳቀች። “አጎቴ ፓትሪክ!” አለች። የእናቷ ወንድም ነው። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት መጥቶ አምስት ዓመት ቤት ሲቀባ ኖረ። የአባቱ ቀብር ላይ አልተገኘም፤ ከወጣ መመለሻ የለውማ። በኋላ በዚያች በፖስታ ዕጣ ወረቀት አገኘ። “እሱን ግን እንደዚህ አስበነው አናውቅም፣ ፓትሪክ እኮ ፓትሪክ ነው” አለችኝ። ምን ልበላት? ሻይ ገዛሁላት።

ሕግ ይከበር ጻፈ፦

የአባቱ ቀብር ላይ አልተገኘም? እሱስ ከብዶት ይሆናል።

የገዳሪፍ መንገደኛ ጻፈ፦

አቶ ፓትሪክን ሰላም በልልኝ።